ባለ አንድ መጽሐፉ

መኪና መንዳት ልማር በሄድኩበት የመጀመሪያ ቀን፣ ወደ ፊት እሄዳለሁ ብዬ ወደ ኋላ ሄድኩና የማሠልጠኛውን አጥር ገጨሁት! ዓይኔን ጨፍኜ ጩኸቱን ጠበቅሁ። የምሠራው መጋረጃ ቤት ነው። አለቃዬ መጋረጃ አንድ ጣት ሲያጥርብኝ እንኳን ሰፈሩ እስኪሰማ ነው የሚጮኸው። አጥር ስገጭማ...

ጩኸት የለም። አንድ ዓይኔን ከፈት አደረግሁ።

«አጥሩ ደህና ነው» አለ አስተማሪው። «አንቺስ?»

ምን ልዋሻችሁ፣ በዚያች «አንቺስ» ተሸነፍኩ።

ዳሽቦርዱ ላይ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ ነበረው። ተማሪ ሲያረፍድበት እሱን ያነባል። ሰው ንዴቱን እንዴት እንደሚገዛ የሚያስተምር መጽሐፍ ነው።

«እስካሁን አልጨረስከውም?» አልኩት አንድ ቀን።

«በየዓመቱ እጨርሰዋለሁ።»

«በየዓመቱ? አልገባህማ!»

ሳቀ። «መጀመሪያ ሳነበው አለቃዬን ነበር የማየው። ‹ይሄ ለሱ ነው› እያልኩ አሰምርበት ነበር። በኋላ አባቴን ሳስታምም ደገምኩት። ከደከመው ሰው ጋር ስለ መነጋገር የሚያወራ ምዕራፍ አገኘሁ። እመኚኝ፣ ያ ምዕራፍ ድሮ አልነበረም!»

«ከየት መጣ ታዲያ?»

«እዚያው ነበር። እኔ ነኝ ያልደረስኩበት።»

ይህን ሲል እንዴት እንዳማረበት! መንጃ ፈቃዴን ካወጣሁ በኋላም ሰበብ እየፈለግሁ ከማሠልጠኛው ደጅ አልጠፋም ነበር። ቤት ስለሱ ሳወራ ታላቅ እህቴ «ባለ አንድ መጽሐፉ ደህና ነው?» እያለች ትቀልድብኛለች። እሷ ጯሂ ባሏን ትታ እኛ ጋ ከተመለሰች ቆይታለች።

በመጨረሻ ልንጋባ ተስማማንና እናቴን ሊያይ መጣ። ከሥራ ስለመጣ መጽሐፉን በእጁ ይዟል። እናቴ ተቀበለችውና መነጽሯን አድርጋ ገለጥ ገለጥ አደረገችው።

«ስለ ቁጣ ነው?»

«አዎ እማማ። በየዓመቱ አነበዋለሁ።»

«በየዓመቱ! ትቆጣለህ ማለት ነዋ?»

ሌላ ሰው ቢሆን «ኧረ በጭራሽ» ይል ነበር። የኔው ጉድ ግን ዓይኗን እያየ መለሰላት።

«እቆጣለሁ። ጎረምሳ እያለሁ ተናድጄ የእናቴን በር ሰብሬአለሁ። ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።»

እናቴ መነጽሯን አወለቀች።

«ይህን ያህል ዓመት መድኃኒት የሚወስድ ሰው አልዳነም ማለት ነው። ጯሂ ቤት የገባችው አንዷ ልጄ ትበቃኛለች።»

እኔስ? እኔም ፈራሁ። ደጅ ድረስ ሸኘሁትና «ትንሽ ጊዜ ስጠኝ» አልኩት። ፊቱ ጠቆረ፣ ድምፁ ግን አልተለወጠም።

«እሱን አንብቢው» ብሎ መጽሐፉን ተወልኝ።

ሳምንታት አለፉ። መጽሐፉን ስገልጠው በር የሚሰብር ሰው ብቻ እየታየኝ እዘጋዋለሁ። እህቴ ከአልጋዬ ራስጌ አንስታ ማንበብ ጀመረች። አንድ እሑድ የታጠበ ልብስ እያጣጠፍን እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ምነው?»

«ያን ሰው ለምን ተውሽው?»

«በር ሰብሬአለሁ አለ እኮ! አንቺ ያየሽውን እያየሁ...»

«እኔ ያየሁትንማ ልንገርሽ! ባሌ አንድም ቀን ‹እቆጣለሁ› ብሎ አያውቅም። ጮሆ ጮሆ ሲደክመው ‹አንቺ ነሽ ያስጮህሽኝ› ነበር የሚለኝ። ይህን መጽሐፍ ብሰጠው ‹ለማን ነው?› ይለኝ ነበር። ያንቺው ግን ማንም ሳያዘው በየዓመቱ ራሱን ይፈትሻል። አንቺ ቂል!»

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች።

በማግስቱ ወደ ማሠልጠኛው በረርኩ። አንዲት ጠና ያሉ ሴትዮ እያለማመደ ነበር። የመኪናው ሞተር መግቢያው ላይ ጠፍቶባቸዋል፣ ከኋላ ጡሩንባ ይጮሃል። በመስኮቱ ጎንበስ አልኩ።

«ጨረስሽው?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«አልጨረስኩትም። አብረን እናንብበው?... በየዓመቱ?»

አጥር ሲገጭበት ያልደነገጠ ሰው አፉ ተያያዘ!

«ኧረ እሺ በላት ልጄ!» አሉ ሴትዮዋ። «መኪናው ሁሉ እኛን እየጠበቀ ነው!»

«እሺ» አለ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር።

እናቴም ተረታች። ከሠርጋችን በፊት ግን መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አነበበችው።

ባለፈው ዓመት፣ እሷና እህቴ እኛ ቤት በዋሉበት ቀን፣ ያንኑ መጽሐፍ እንደገና ጠየቀችን። ባሌ መስኮቱ ሥር ስታነብ አያት።

«ደገሙት እማማ?»

«ያኔ ያነበብኩት አንተን ስፈልግበት ነው» አለች።

«አሁንስ?»

መጽሐፉን ዘግታ እህቴን ጠራቻት።

«መጀመሪያ ከባልሽ ቤት እያለቀስሽ ስትመጪ፣ ተቆጥቼ ‹ቻዪው› ብዬ መልሼሻለሁ። ልክ የሠራሁ ነበር የሚመስለኝ... ይቅር በይኝ ልጄ።»

እህቴ ይህን ቃል ስንት ዓመት ጠብቃው ኖሯል! የእናቴ ጉልበት ላይ ተደፍታ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

ባሌ እጄን ይዞ፣ ለብቻቸው ይሁኑ ብሎ ወደ ውጭ አወጣኝ። ደጅ ቆሜ እንባዬን እየጠረግሁ እሱን አየሁት። ይህን ሰው ለጥቂት አጥቼው ነበር!