ሙሾ ያወረድኩለት ሰው

ይህ ተረት አይደለም። ተረት ቢሆን ኖሮ ራሴን አሳምሬ አወራችሁ ነበር።

በእኔው በአየሉ ላይ የደረሰ ነው። ቦታው እስራኤል፣ ቤር ሼቫ፣ ሽኩና ጊሜል የሚባል ሰፈር። ቀኑ ሻባት፣ ቅዳሜ የዕረፍት ቀናችን። ሰዓቱ በአገራችን አቆጣጠር ከቀኑ ሰባት፣ ፀሐይ አናት የምትበሳበት፣ ሰው ሁሉ በልቶ የሚተኛበት።

ጨለማ ቢሆን ዓይኔ ነው ያሳሳተኝ እል ነበር...

ጨለማ አልነበረም።

ነገሩ የጀመረው ከሀዳስ ጋር ነው። ሀዳስ ጎረቤቴ ናት። የሽማግሌዎች መኖሪያ ቤት አብረን እናጸዳለን። እሷ ዕብራይስጥ ታነባለች፤ እኔ ፊደል የቆጠርኩት ስሜን ለመጻፍ ያህል ነው።

ስልኳ ላይ የጠፋ ሰው የሚፈለግበት ገጽ አለ። በአንድ በኩል የጠፉ ሰዎች ፎቶ፣ በሌላ በኩል ስም የሌለው አፅም። እንደኛ ያሉ ሰዎች ቁጭ ብለው አንዱን ካንዱ ያገጣጥማሉ።

እኛም ከሥራ መልስ ሻይ ይዘን እናገጣጥም ጀመር። እውነቱን ልናገር... ደስ ይለን ነበር።

አንድ ቀን ሀዳስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"ስሚማ አየሉ። ጎርፍ ያወጣው አፅም። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ደረቅ ወንዝ። ወንድ ነው። ረጅም። ቀኝ እግሩ ተሰብሮ ተጣሞ የገጠመ። የፊት ጥርሱ ፍንጭት።"

"አምባው ነው!" አልኩ።

አምባው ከኔ በላይ ፎቅ የሚኖሩት የእማማ ጥሩዬ ልጅ ነው። ከአገር እንደመጡ ሰሞን፣ ሥራ ብሎ እንደወጣ ቀረ። እኔ አላውቀውም፤ ከመምጣቴ በፊት ነው። የማውቀው ግድግዳቸው ላይ ያለውን ፎቶውን ብቻ ነው።

"የአምባው እግር ተሰብሮ ነበር እንዴ?" አለች ሀዳስ።

"ከጠፋ በኋላ ተሰብሮ ይሆናላ!"

"ፎቶው ላይ ፍንጭት አለው?"

"አንቺ ደግሞ! ፍንጭት ያለው ሰው ፎቶ ሲነሳ አፉን ይገጥማል።"

"ወይ መርማሪት!" ብላ ሳቀችብኝ።

እኔ ደግሞ አንዴ ካልኩ አልኩ ነው።

ምሽጣራ ሄድን፣ ፖሊስ ማለቴ ነው። ከእማማ ጥሩዬ አፍ ምራቅ በጥጥ ተወሰደ። እማማ ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ "ፋይሉን ለማደስ ነው" ብዬ ዋሸኋቸው። ፖሊሱ "መልሱ እስኪመጣ ምንም እንዳትናገሩ" አለ። የቤተ እስራኤሉ ቄሳችንም "ምርመራው ይድረስ፣ አትቸኩሉ" አሉ።

መልሱ ዘገየ። እኔ አላስችል አለኝ። ሰው የሬሳ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተኝቶ እናቱ ሳያለቅሱለት? አገራችን ሰው ሩቅ ሲሞት በልብሱ ይለቀስ የለም ወይ?

ሴቶቹን ሰብስቤ፣ ጎህ ሲቀድ መርዶውን ነገርን።

እማማ ጥሩዬ አልጮሁም። የአምባውን ጃኬት ከቁም ሳጥን አወጡና መሐላችን አስቀመጡት። ከዚያ ተቀምጠው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ።

በሽኩናችን ሙሾ የማወርደው እኔ ነኝ። የማላውቀውን ሰው ምን ብዬ ላልቅሰው? ሀዳስ ያነበበችልኝን አለቀስኩ። አፅሙን አለቀስኩ። የጎደለውን ከሆዴ ሞላሁ።

"እግሩ ተሰብሮበት ጫማ አጥቶ በረሃ፣
እናቴን እያለ የወሰደው ውሃ..."

እማማ ጥሩዬ ቀና ብለው አዩኝ።

"የኔ ልጅ እግሩ ደህና ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "እናቴ ብሎኝም አያውቅ። አያቱ ስላሳደገችው በስሜ ነው የሚጠራኝ።"

"ሰው ሲጨንቀው እናቴ ይላል፣ እማማ" አልኳቸውና ቀጠልኩ።

ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። እኔም... ሙሾዬ እንደያዘ አይቼ ኮራሁ። እዚያ ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ ኮራሁ።

ሳምንት ሳይሞላ ከፖሊስ ተደወለ።

አፅሙ አምባው አይደለም።

ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሱቅ ስገባ ወሬ ቀጥ ይላል። አውቶቡስ ላይ አንዲቱ ለጎረቤቷ "ተጠጊ፣ ቋሚ ገዳይዋ ትቀመጥ" አለች። ሁሉም ሳቁ። ሀዳስ እንኳ ሥራ ቦታ ሌላ ፎቅ ቀይሩኝ ብላ ሄደች።

እማማ ጥሩዬን ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ። ደረጃ ላይ ኮቴያቸውን ስሰማ በሬን እዘጋ ነበር።

ሻባት ሲሆን ግን ጨከንኩ። የሻባት ዳቦ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ይቅርታ ልጠይቅ ወጣሁ።

ደረጃው ላይ ውሃ ነበር።

ከፋሲካ ወዲህ ዝናብ የለም። ሻባት ደግሞ ደረጃ የሚያጥብ የለም።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። የባዶ እግር ዱካ ነው። ግራው ቀጥ ያለ... ቀኙ ወደ ጎን የዞረ።

ወደ ላይ ይወጣል።

የእማማ ጥሩዬ በር ክፍት ነው።

"ግቢ አየሉ" አሉኝ። ፊታቸው በርቷል። "አምባው መጣ።"

ሶፋው ላይ ረጅም ሰው ተቀምጧል። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርጥብ ነው። ጫማ የለውም። ፈገግ አለልኝ...

ፍንጭት።

"እግሬ ተሰበረ" አለ። "ጫማ አጣሁ። በረሃ ነበርኩ። እናቴን እያልኩ፣ ውሃ ወሰደኝ።"

ቃሉ የኔ ነው። ተራው እንኳ የሙሾዬ ተራ ነው።

"የት ከረምክ?" አልኩት።

"ውሃ ወሰደኝ።"

"ያሳደጉህ አያትህ... ማን ይባላሉ?"

ቀስ ብሎ ፊቱን ወደኔ አዞረ። ዓይኔን አይደለም የሚያየው።

አፌን ነው።

ከንፈሩን ትንሽ ከፈት አድርጎ፣ ጉርሻ እንደሚጠብቅ ሕፃን።

እማማ ጥሩዬ ክንዴን ያዙኝ። እጃቸው ይሞቃል።

"ንገሪው" አሉ በሹክሹክታ። "አስካል ናት በይው። እኔ ስነግረው አይያዝለትም። ያንቺን ነው የሚሰማው።"

"እማማ... ልጅዎን አያውቁትም?"

"አውቀዋለሁ።"

"ታዲያ ይኼ..."

"ዝም በይ! ይኼ እናቴ ይለኛል። አንቺ ነሽ ያመጣሽው፣ አንቺው ጨርሺው።"

አስካል የምትለዋ ቃል ምላሴ ጫፍ ደረሰች። አንዲት ቃል ናት። ብናገራት እማማ ጥሩዬ ልጅ ይኖራቸዋል። ያስለቀስኳቸውን እክሳቸዋለሁ።

ግን ይኼስ የማን ልጅ ነው? የራሱን ስም ይዞ የሚያለቅስለት ማን ቀረው?

"ወንድሜ" አልኩት። "ዋሸሁብህ። አንተ አምባው አይደለህም። ስምህን አላውቀውም። በሰው ስም አለቀስኩህ። ይቅር በለኝ።"

ፈገግታው ጠፋ። አንገቱን ደፋ። የራሱን ባዶ እግር፣ ከዚያ ያረጠበውን ምንጣፍ አየ። አፈረ። ሳይጠሩት ሰው ቤት የገባ ሰው እንደሚያፍር አፈረ።

ሊሄድ ተነሳ።

"ልጄን ሁለተኛ ልትገድይው ነው?"

እማማ ጥሩዬ እንዲህ ሲጮሁ ሰምቼ አላውቅም። ዳቦውን ከእጄ ነጥቀው ደረጃው ላይ ወረወሩት። ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣሉለት። ደረቱን ይዘው ወደ ሶፋው መለሱት።

"ተቀመጥ የኔ ዓለም። እሷን አትስማት። ተቀመጥ አምባው..."

ተቀመጠ። ግን አሁንም ወደኔ ያያል።

"ውጪልኝ!"

ወጣሁ። ቁልፉ ከኋላዬ ሲዞር ሰማሁት።

ታች ግቢው ውስጥ ሰው የለም። ፀሐዩ ሲሚንቶውን ነጭ አድርጎታል።

አይ... ሰው አለ።

ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ አንዲት ሴት ቆማለች። የሽኩናችን ሰው አይደለችም። የየት አገር ሰው እንደሆነች እንኳ ከፊቷ መለየት አልቻልኩም። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርጥብ ነው። ወደ እማማ ጥሩዬ መስኮት ቀና ብላ፣ አንድ ስም ደጋግማ ትጣራለች።

አፏ ይንቀሳቀሳል። ድምፅ የለውም።

ላይ የመስኮቱ ተጠቅላይ መዝጊያ ተንጓጉቶ ወረደ።

ሴትዮዋ ወደኔ ዞረች። አልተቆጣችም። ቀኝ እጇን ዘረጋች፣ መዳፏን ወደ መሬት አድርጋ። ከጉልበቷ ትንሽ ከፍ አድርጋ ያዘችው...

የትንሽ ልጅ አናት በሚደርስበት ልክ።

እኔ፣ ያቺ አንዴ ካልኩ አልኩ የምለው አየሉ፣ ሻሼን ፊቴ ላይ ሳብኩና አለፍኳት።

በሬ ላይ ስደርስ ዞር አልኩ። እጇ እዚያው ነው።

ከመዳፏ ሥር፣ ደረቁ ሲሚንቶ ላይ፣ ማንም ሳይቆምበት... የሁለት ትንንሽ እግሮች ዱካ፣ ቀኙ ወደ ጎን የዞረ፣ እየረጠበ ነበር።