ሄቲ አመሰግናለሁ ያለችው ስድብ

በደንብ ያልሰማችሁትን ቃል «አመሰግናለሁ» ብላችሁ ተቀብላችሁ ታውቃላችሁ? ሄቲ ሚልበርን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የመንደሩ ሰው በሙሉ በተሰበሰበበት የሠራተኞች ክበብ አዳራሽ ውስጥ ያደረገችው ይህንኑ ነው።

ባሮ ሽንኩርቶቿ ጥቁር ጨርቅ በለበሰው ጠረጴዛ ላይ ተጋድመዋል። ነጭ ግንዳቸው የጎልማሳ ክንድ ያህል ወፍሯል፤ ሥሮቻቸው ታጥበው እንደ ፀጉር ተበጥረዋል። በሰሜን እንግሊዝ፣ በደርሃም የባሕር ዳርቻ የከሰል ጉድጓዶቹ ከተዘጉ ወዲህ ብዙ ነገር ቀርቷል፤ የመስከረሙ የባሮ ሽንኩርት ውድድር ግን አልቀረም። የክበቡ ሊቀመንበር ሚስተር ሌስሊ ፎስተር ማይኩን ጨብጦ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የታዳጊዎቹን ውድድር ያሸነፈችው» አለ፤ ትንሽ ቆየና ፈገግ ብሎ ጨመረ፣ «ካኒንጓ ልጃችን፣ ሄቲ ሚልበርን!»

ማይኩ አሮጌ ነው፤ የቃል ጭራ ይበላል። ሄቲ የሰማችው «ካኒ» የሚለውን ብቻ ነው። በእነሱ አገር ደግሞ ካኒ የማይባል መልካም ነገር የለም። ደግ ጎረቤት ካኒ ነው፤ ትኩስ ሻይ ካኒ ነው፤ የማታለቅስ ሕፃን ካኒ ናት። አያቷ ዊልፍ ሊያመሰግናት ሲፈልግ ከዚህ የበለጠ ቃል አውጥቶ አያውቅም።

«አመሰግናለሁ፣ ሚስተር ፎስተር!» አለች ፊቷ በርቶ፣ ጮክ ብላ።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

ሄቲም አብራ ልትስቅ አፏን ከፈተች። ከዚያ ግን የሚስቁት እሷን እያዩ እንዳልሆነ ገባት። እርስ በርስ እየተያዩ ነበር የሚስቁት። ጓደኛዋ ብሪዮኒ ኮልሰን ብቻ አልሳቀችም፤ ጫማዋን ትመለከታለች።

«ዋንጫው ለጊዜው ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ይቆያል» ሲል ቀጠለ ፎስተር። «የብሪዮኒ ሽንኩርቶች ላይ የደረሰውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ረቡዕ አባላቱ ተሰብስበን እናየዋለን።»

በእርግጥም ሁሉም ያውቃል። ከውድድሩ ሁለት ቀን አስቀድሞ አንድ ሰው ብሪዮኒ ከክበቡ በያዘችው የታጠረ የአትክልት መደብ ውስጥ ገብቶ ሽንኩርቶቿን በቢላ ሸነታትሯቸዋል። አጥሩ አልተጣሰም፤ በሩም አልተሰበረም። የበሩ ቁልፍ ያላቸው ደግሞ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ብሪዮኒና ሄቲ። በጋውን ሙሉ አንዷ የሌላዋን ስታጠጣ ነበር የከረሙት።

ወደ ቤት ሲመለሱ አያቷ እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ይራመዳል። ጣቶቹ በቁርጥማት ስለተጣመሙ ዘንድሮ አፈር አልነካም፤ የዘራችውም፣ የኮተኮተችውም፣ ያፈሰችውም ሄቲ ናት።

«አባባ፣ ምን አስቃቸው?»

«‹ካኒንግ› ነው ያለሽ። ‹ካኒ› አይደለም።»

«ምን ልዩነት አለው?»

«ካኒ የተባለው እራት ይጠራል። ካኒንግ የተባለው ሲመጣ በር ይቆለፋል።»

ሄቲ መንገዱ ላይ ቀጥ አለች። «መሠሪ፣ አጭበርባሪ ነው ያለኝ? እኔ ደግሞ አመሰግናለሁ አልኩት?»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ!»

«አንቺ ልጅ፣ ስሚኝ» አለ ዊልፍ ወደ እሷ ዞሮ። «መሬቱ የክበቡ ነው። ፎስተር ካስወጣን መደቡ ሄደ ማለት ነው። አባቴም የዘራው እዚያው ነው። ዝም ካልሽ ይረሳል።»

ሄቲ ግን ሌላ ነገር እያሰበች ነበር።

ዓርብ ጠዋት የተቆረጡትን ሽንኩርቶች ልታነሳሳላት ወደ ብሪዮኒ መደብ ሄዳ ነበር። ፍግ ክምሩ ላይ ከተጣሉት አንዱን ብድግ ስታደርገው በተሰነጠቀው በኩል ተከፈተ። መሐሉ ላይ ጣት የሚያህል ጠንካራ አረንጓዴ አገዳ ቆሟል። ባሮ ሽንኩርት እንዲህ ያለ አገዳ የሚያወጣው ሊያብብ ሲል ነው። ያ ከሆነ ደግሞ አለቀለት፤ ዳኛው ገና ሲጨብጠው ያውቅና ከጠረጴዛው ያስነሳዋል። ሄቲ ቀና ብላ ብሪዮኒን ልትጠይቃት ስትል ብሪዮኒ ሽንኩርቱን ከእጇ ነጥቃ ክምሩ ላይ ጆንያ ጣለችበት። «አትንኪው፣ ያመኛል» አለቻት። ሄቲም ያን ቀን አመነቻት። አሁን ግን ማመኑ እያቃታት ነው።

ሰኞ ጠዋት አውቶቡሱ ላይ ካለም የሚባለው ልጅ ገና ስትወጣ አያት። «ቦርሳችሁን ያዙ! ሚስ ካኒንግ መጣች! ቢላዋን የት አደረግሽው ባክሽ?» ከኋላ ወንበር ያሉት ተንከተከቱ።

«አንተን ለመቁረጥ ቢላ አያስፈልግም፤ ማንኪያ ይበቃል» አለችው። ሳቁ ወደ ካለም ዞረ፤ ግን ወዲያው ወደ እሷ ተመለሰ። ከጎኗ ማንም አልተቀመጠም።

በምሳ ሰዓት የእንግሊዝኛ መምህርቷን ሚስ ራህማንን ባዶ ክፍል ውስጥ ሳንድዊች ስትበላ አገኘቻት።

«ሚስ፣ ካኒንግ ስድብ ነው ወይስ ምስጋና?»

«በየትኛው ዘመን?»

«ቅዳሜ ዕለት።»

ሚስ ራህማን ሳቀች፤ የሄቲን ፊት ስታይ ግን ሳንድዊቿን አስቀመጠች። «ቅዳሜ ዕለትማ ስድብ ነው። ድሮ ቢሆን ግን አናጢው፣ ሸማኔው፣ በገና መቺው በዚህ ቃል ሲመሰገን ደስ ይለው ነበር። ሥሩ ማወቅ፣ መቻል ማለት ነው። እናንተ ካኒ የምትሉት ወንድሙ ነው፤ ባንድ ቤት ያደጉ ናቸው።»

«ታዲያ አንዱ ምን ነካው?»

«መንደር ውስጥ በቅጠል የሚያክሙ፣ የጠፋ ነገር የት እንዳለ የሚናገሩ ሰዎች ነበሩ። እነሱም ካኒንግ ነበር የሚባሉት፤ አዋቂዎች እንደማለት። ሰው ሲጨንቀው ወደ እነሱ ይሄዳል። ሲድን ደግሞ ‹ይህን ከየት አወቀው?› ይላል። ‹ይህን የሚያውቅ ሌላስ ምን ያውቃል? በእኔስ ላይ ምን ያደርግብኛል?› እያለ ይጠረጥራል። ከገበያውም፣ ከጓዳውም፣ ከሰባኪውም አፍ እንዲህ ሲወጣ ሲወጣ ቃሉ ኮመጠጠ። ብቻውንም አይደለም። ዛሬ ተንኮለኛ ለማለት ከምንጠቀምባቸው ቃላት ሌሎቹም ድሮ የእጅ ሙያ መጠሪያ ነበሩ።»

«ምንም ሳያጠፋ?»

«ቃሉ? ምንም።»

ሄቲ ይህን ስትሰማ መናደዷን ማን ይፈርድባታል? ወተት ሲቆይ በራሱ ይኮመጥጣል፤ ቃል ግን የሚያኮመጥጠው ሰው ይፈልጋል። ሰው የጎረቤቱ ጎመን ከራሱ ሲበልጥበት «እንዴት ብታደርገው ነው?» ብሎ ከመማር «የሆነ ነገር አድርጎበት ነው» ብሎ ማማት ይቀላል። ማማት ኩትኮታ አይጠይቅም፤ ጎህ ሲቀድ መነሳት አይጠይቅም። በእኛም በእነሱም አገር ስንት ባለሙያ በዚህ ምላስ ተበልቷል!

ከትምህርት በኋላ ሄቲ ብሪዮኒን በትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀቻት።

«አገዳ ነበረው» አለቻት።

«ምኑ?»

«ሽንኩርትሽ። ሊያብብ ነበር። አይቼዋለሁ።»

የብሪዮኒ አንገት ቀላ። «እና ምን ልትዪ ነው? የራሴን ሽንኩርት ራሴ ቆራረጥኩ?»

«እየጠየቅኩሽ ነው።»

«ማንም እኮ አንቺ ነሽ አላለም። አጎቴ በማይክ አመሰገነሽ፤ አንቺም አመሰግናለሁ አልሽ። ከዚህ በላይ ምን ፈለግሽ?»

ሚስተር ፎስተር የብሪዮኒ እናት ወንድም ነው።

«ቁልፉ ያለን ሁለታችን ነን፣ ብሪ። እኔ አልቆረጥኩም።»

«አቦ ተዪኝ!» አለች ብሪዮኒ፤ ድምጿ ግን ተሰነጠቀ። «በጋውን ሙሉ መጠጥ ቤት ለገባ ሰው ሁሉ ‹ዋንጫውን የእህቴ ልጅ ትወስደዋለች› ሲል ነው የከረመው። አንቺን ማን እንዲህ ብሎ ያስጨንቅሻል? አያትሽ እንደሆነ ብታሸንፊም ባታሸንፊም ሻይ ነው የሚያፈላልሽ።» አውቶቡሱ መጣ። ዘላ ገባችና በዚያኛው በኩል ባለው መስኮት ጋ ተቀመጠች።

አዎም አላለች፤ አይደለምም አላለች። ሄቲ በዚያው በእግሯ ወደ መደቦቹ ሄደች። የብሪዮኒ ፍግ ክምር ቦታው ላይ የለም፤ አመዱ ብቻ ቀርቷል። ቅዳሜ ጠዋት አጎቷ መጥቶ እንዳቃጠለው ጎረቤት ነገራት። «በሽታ እንዳይዛመት ነው አለ» ሲል ጨመረ ሰውዬው፤ ከዚያም ሄቲን ከእግር እስከ ራሷ አይቶ የራሱን በር ቆለፈ።

እንግዲህ ማስረጃ የለም። ሄቲ የቀራት ጥርጣሬ ብቻ ነው። ረቡዕ ተነስታ «ብሪዮኒ ናት» ብትል ግማሹ ያምናት ይሆናል፤ ከዚያ አውቶቡሱ ላይ ብቻዋን የምትቀመጠው ብሪዮኒ ትሆናለች። እነሱስ በእሷ ላይ ምን አላቸው? እነሱም ያላቸው ጥርጣሬ ብቻ ነው።

ረቡዕ አመሻሽ ላይ አዳራሹ ሞላ። ሰዉ ብርጭቆውን ይዞ ተቀምጧል። ብሪዮኒ ከእናቷ ጋር የመጨረሻው ረድፍ ላይ ነች። ፎስተር ከፊት ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ እጆቹን አጣምሯል።

«እኛ ማንንም አንከስም» ብሎ ጀመረ። «ማስረጃ የለም፤ ጎረቤቶች ነን፤ ለነገም እንተያያለን። ስለዚህ ዘንድሮ ዋንጫው ለማንም ባይሰጥ፣ ዊልፍም እጁ ስላስቸገረው ከርሞ መደቡን ለሌላ አባል ቢለቅ፣ ነገሩ በሰላም ያልቃል። ምን ትላላችሁ?»

አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። በር አጠገብ የተቀመጠችው ሚስስ ዶሪን ሄድሊ፣ የቀድሞዋ የክበቡ ምግብ አብሳይ፣ እጇን ሳታወጣ ተናገረች። «ሌስሊ፣ ልጅቷ ምን አደረገች ነው የምትለው?»

«እኔ? ምንም አደረገች አላልኩም።»

«ቅዳሜ ስም አውጥተህላት የለ እንዴ!»

«አመሰገንኳት እንጂ!» ፎስተር እጆቹን ዘረጋ። «ካኒንግ እኮ በአያቶቻችን ጊዜ የባለሙያ ስም ነበር። መዝገበ ቃላት ግለጡ! ደግሞ እሷ ራሷ አመሰግናለሁ ብላኛለች። የስሙ ባለቤት ያልተቀየመችውን እናንተ ምን ያስቀይማችኋል?»

ሳቁ እንደ ቅዳሜው ተነሳ።

ሄቲ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ያውቃል! ቃሉ ከየት ተነስቶ የት እንደወደቀ ያውቃል። በአዲሱ ትርጉም ወርውሮ በአሮጌው ትርጉም ይደበቃል። ወደ ኋላ ዞር ብላ ብሪዮኒን አየቻት። ብሪዮኒ ዓይኗን አላሸሸችም፤ የእናቷን እጅጌ ግን አጥብቃ ይዛለች። የብሪዮኒን ስም ከአፏ ላለማውጣት ሄቲ የወሰነችው ያን ጊዜ ነው። የምትጠይቀው ሌላ ሰው አለ።

ብድግ አለች።

«ተቀመጪ» አለ አያቷ በሹክሹክታ። «ሄቲ፣ መደቡ…»

«አውቃለሁ፣ አባባ» አለችው፤ አልተቀመጠችም።

«ሚስተር ፎስተር» አለች። «ቅዳሜ አመሰግናለሁ ያልኩት ማይኩ ቃሉን ስለበላው ነው። ካኒ ያሉኝ መስሎኝ ነው። አሁን ሰምቼዋለሁ፤ ምስጋናዬን መልሼ ወስጃለሁ።»

አንድ ሰው ሊስቅ ጀመረና ተወው።

«ቃሉ ሁለት ትርጉም አለው፤ እኔም አውቃለሁ፣ እርስዎም ያውቃሉ። ታውቃለች፣ ትችላለች ማለትዎ ከሆነ ዋንጫዬ ለምን ተቆለፈበት? አያቴስ ለምን መደቡን ይለቃል? መሠሪ ናት ማለትዎ ከሆነ ደግሞ ያደረግኩትን ይናገሩ፤ ማን እንዳየኝም ይንገሩን። አንዱን ይምረጡ።»

ፎስተር ወደ ግራና ወደ ቀኝ አየ። «ይኼ የልጅ ነገር… በኋላ፣ እኔና አያትሽ ቢሮ ገብተን…»

«ቢሮ አልገባም። ቅዳሜ የተናገሩት በማይክ ነው። ማይኩ ያው ፊትዎ ነው። ያብሩትና ሁሉም እየሰማ ይመልሱልኝ፤ የትኛውን ማለትዎ ነበር?»