የዙዌይና ወንበር

ይሄ የደረሰው በኔ ነው። ከሰው ሰምቼ አይደለም የምጽፍላችሁ። ባታምኑኝም አልቀየማችሁም፤ ሌላ ሰው ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ እኔም እስቅ ነበር።

ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ሌሊት እንዳይመስላችሁ... ፀሐይ አናት የምትበሳበት፣ የኦማን ተራራ መንደር በሙሉ በሩን ዘግቶ የቀትር እንቅልፉን የሚተኛበት ሰዓት።

ኢንሳፍ እባላለሁ። ግብፃዊት ነኝ፣ የደማንሁር ልጅ። የመምህርነት ትምህርቴን ልጨርስ አንድ መንፈቅ ሲቀረኝ፣ ለልምምድ እዚያ መንደር ወዳለ የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ተላክሁ።

የምኖረው ከአብላ ሰሚሃ ጋር ነበር። አብላ የምንለው አስተማሪን ነው። እሳቸውም የአገሬ ሰው ናቸው፤ እዚያ ሲያስተምሩ ብዙ ዓመታቸው ነው። የመጣሁ ዕለት ሻንጣዬን አይተው ሳቁብኝ።

«ሁለት ሳምንት ታለቅሻለሽ» አሉኝ። «ከዚያ ሩዙ ያወፍርሽና ልቅሶውን ትረሺዋለሽ።»

የተሰጠኝ ሦስተኛ ክፍል ነበር። ትንንሽ ልጆች ናቸው፤ ወፍ ይመስል ይንጫጫሉ። ከፊተኛው ረድፍ መሐል አንድ ወንበር ባዶ ነው። ከኋላ ደግሞ ረያ የምትባል ልጅ ሰሌዳው አልታይ ብሏት ዓይኗን ታጨናብሳለች።

ይሄማ ቀላል ነው አልኩ። ዓይኑ የደከመ ልጅ ፊት ይቀመጣል፤ ኮሌጅ መጀመሪያ ያስተማሩን እሱን ነው።

«ረያ፣ ነይ እዚህ ተቀመጪ።»

ጫጫታው በአንድ ጊዜ ቆመ።

ረያ ካለችበት አልተነሳችም። «አብላ...» አለች ቀስ ብላ። «እዚያ ሰው አለ።»

«ማን አለ? ለኔ አልታየኝም» ብዬ ቀለድኩ። አንዲትም ልጅ አልሳቀችም።

ደግሜ ጠራኋት። መጣችና የወንበሩ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። እኔ ደግሞ ጎበዝ አስተማሪ ነኝ ብዬ በራሴ ደስ አለኝ።

ምሳ ላይ ለአብላ ሰሚሃ ነገርኳቸው። ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

ወንበሩ የዙዌይና ነው አሉኝ። አምና ደራሽ ጎርፍ ወሰዳት። ሬሳዋ ተገኝቶ ተቀብሯል፤ ቤተሰቧ ግን ለቅሶ አልተቀመጡም። በዚያ መንደር እንዲህ በድንገት የሄደ ልጅ ሞተ አይባልም፣ ተወሰደ ነው የሚባለው። የተመለሰ ዕለት ቦታው ተይዞ እንዳያገኘው ማንም አይቀመጥበትም።

«ከተያዘስ?» አልኳቸው።

«የያዘባትን ሰው ቦታ እሷ ትይዛለች ይላሉ። ሁሉንም።»

«ሁሉንም ማለት?»

«ሳህኑን... ምንጣፉን... እናቱን።» ማንኪያቸውን መልሰው አነሱ። «እኔ አላምንበትም። ግን ነገ ልጅቷን ወደ ቦታዋ መልሻት።»

በማግስቱ መለስኳት። ረያ ግን ፀጉሯ ተበትኖ ነበር የመጣችው። በዚያ መንደር እናት ልጇን ሳትጎነጉን ወደ ትምህርት ቤት አትልክም።

«ምነው፣ እናትሽ ዛሬ አልሠራችሽም?»

«እሷን ሠራቻት።»

«ማንን?»

ፊቷን አዙራ ወደ ቦታዋ ሄደች። በዕረፍት ሰዓትም ምሳ ዕቃ አልነበራትም። ዳቦዬን ከፍዬ ሰጠኋት። አበላሏ ከትናንት ጀምሮ እህል የቀመሰ ሰው አይመስልም።

በሦስተኛው ቀን በተኛችበት ልብስ መጣች። ጉንጯ ላይ አፈር አለ።

«የት ነው ያደርሽው?» አልኳት፣ ጎንበስ ብዬ።

«ደጅ... ምንጣፌ ላይ እሷ ተኝታለች።»

«እናትሽን አትጠሪም?»

«ጠራኋት። አልሰማችኝም።»

በሥራ የደከመች እናት፣ ጨዋታ ያበዛች ልጅ... ብዬ ራሴን ልደልል ሞከርኩ። የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። ከጎኗ የምትቀመጠው ልጅ ቦርሳዋን አንስታ ረያ ጭን ላይ አስቀመጠችው። እንደ ባዶ ወንበር። ረያ ቦርሳውን አቅፋ ተቀመጠች።

ጥያቄ ስጠይቅ ረያ እጇን አወጣች። «እሺ፣ አንቺ» አልኳት።

የፊት ረድፍ ልጆች ዞረው አዩና ተያዩ። «አብላ፣ ማንን ነው የሚያናግሩት?»

በስሟ ልጠራት አፌን ከፈትኩ... ስሟ ጠፋኝ።

የማውቀው ስም ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ስጠራው የነበረ ስም። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፣ በመከራ መጣልኝ። የዚያን ጊዜ ነው የገባኝ... ነገ ብዬ ባሳድር እኔም እንደማላያት። ከዚያ በኋላ ይህችን ልጅ የሚያያት ሰው አይኖርም።

ደወሉ ሲደወል እጇን ይዤ ወደ ቤቷ ገሰገስኩ። መንገዱ ላይ ሰው የለም። በሩ ሁሉ ተዘግቷል። እጇ እጄ ውስጥ እየቀለለ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር።

እናቷ ሸምሳ በሩን ከፈተችልኝ። ደግ ፊት ያላት ሴት ናት።

«ምነው አብላ፣ በዚህ ፀሐይ? ይግቡ እንጂ።»

«ረያን አምጥቻት ነው» አልኩ።

ፀሐይ የመታኝ መሰላት መሰለኝ፣ በሐዘኔታ አየችኝ። «ረያማ ምሳዋን እየበላች ነው» አለች። እጄን ወደ ያዘችው ልጅ ዓይኗን እንኳ ዝቅ አላደረገችም። ተምርና ውሃ ላምጣ ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ወደ ውስጥ አየሁ...

አንዲት ልጅ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሩዝ ትበላለች። ፀጉሯ ጥንቅቅ ብሎ ተጎንጉኗል። ከጉንጉኑ ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል። የተቀመጠችበት ምንጣፍ ርሷል። ሸምሳ ውሃውን ረግጣ አለፈች፤ አላየችውም።

«ዙዌይና» አልኩ በሹክሹክታ።

መብላቷን አቆመች። አልዞረችም።

«ወንበርሽን መልሼልሻለሁ። ባዶ ነው። ተመለሺ።»

«እዚያ ይበርደኛል» አለች።

«ረያ ምን አደረገችሽ? እዚያ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው... ቤቷን ልቀቂላት።»

ውሃው ጠብ... ጠብ... ይላል። ረያ ልብሴ ውስጥ ፊቷን ደበቀች።

«አንቺስ...» አለች ልጅቷ። «እናት አለሽ?»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ልጅ ሲጠይቅ መመለስ ደግሞ ሥራዬ ነው።

«አለችኝ።»

«ፀጉር ትሠራለች?»

ያኔ ነው የነቃሁት። ዝም ልል ፈለግሁ። ግን የረያ ጣቶች ከእጄ ውስጥ ሊጠፉ ምንም አልቀራቸውም ነበር፤ አየር የጨበጥኩ ያህል ነው።

«ትሠራለች» አልኩ።

ልጅቷ ተነሳች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ በአጠገቤ አለፈች። የጎርፍ ጭቃ ሸተተኝ። የእርጥብ እግሯ ዱካ እስከ ደጃፉ ድረስ ሄዶ እዚያው ቀረ።

ሸምሳ ተምሩን ይዛ ተመለሰች። ረያን አየቻት። ሳህኑን ቁጭ አድርጋ አናቷን በመዳፏ ነካ አደረገቻት።

«የት ስትዞሪ ነው? ይሄ ፀጉር ምንድን ነው? ምሳሽ እኮ ቀዘቀዘ።»

ረያ የእናቷ እግር ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ ወደ ቤት ሮጥኩ። በሩን እንኳ ሳልዘጋ ስልኬን አወጣሁ። ደማንሁር ወደ እናቴ ደወልኩ። ብዙ ጠራ... በመጨረሻ አነሳችው።

«ማን ልበል?»

«እማዬ፣ እኔ ነኝ። ኢንሳፍ... ትሰሚኛለሽ?»

«የኔ እህት፣ በሰው ልጅ አይቀለድም» አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ኢንሳፍ አሁን ገባች። ይኸው ጭኔ ላይ ተኝታለች፣ እንዳትቀሰቅሺብኝ።»

«እማዬ፣ ፊቷን እይው...»

ስልኩ አልተዘጋም። አጠገቧ ያስቀመጠችው መሰለኝ። እናቴ ልጅ ሳለሁ እንደምታደርገው በአፍንጫዋ ታንጎራጉራለች። ከዜማው ሥር ማበጠሪያ በረጠበ ፀጉር ውስጥ ሲያልፍ ይሰማኛል...

ቀስ እያለ።