የኦርቪል የራስ ምታት ደብተር

ዱዌይን ክራው ኦርቪል ቲግን «ራስ ምታትማ የሴት ሰበብ ነው» ብሎ የሰደበው የዛሬ ስድስት ዓመት ነው። አርብ ቀን፣ ኦሃዮ ውስጥ ባለው የዘማቾች ክበብ፣ ሁሉም የተጠበሰ ዓሣውን እየበላ። ክበቡ በሙሉ ሳቀ። ኦርቪል ማን ማን እንደሳቀ እስከ ዛሬ በስም ያውቃል።

ስለዚህ ደብተሩ ሲሰረቅ መጀመሪያ የጠረጠረው ዱዌይንን ነው።

ከጦርነት ይዞት የተመለሰው ቅዠትና ድንጋጤ በመንግሥት ታውቆለት አበል ያገኛል። ጭንቅላቱን የሚፈልጠው ሕመም ከዚያ የመጣ መሆኑን ግን ገና ማስረዳት አለበት። የሦስት ዓመት ሕመሙን ቀን በቀን የጻፈው በዚያ ደብተር ነው። ሌላ ማስረጃ የለውም። ጉዳዩ የሚሰማው ሐሙስ ነው። ዛሬ ማክሰኞ። ደብተሩ ትናንት ከሰዓት ክበቡ ውስጥ ከሰቀለው ኮት ኪስ ተወሰደ።

ዱዌይንን እዚያው ክበብ ቢራው ላይ አገኘው።

«የራስ ምታት ደብተሬን አምጣ!»

«የምን ደብተር?»

«ትናንት ከሰዓት የት ነበርክ?»

«ኩላሊቴን ሲያጥቡኝ፣ ማሽን ላይ ተሰክቼ።» እጅጌውን ሰብስቦ ፋሻውን አሳየው። «ደሞ ያንተን ራስ ምታት ሰርቄ ምን ላደርገው? የራሴ በሽታ አነሰኝ?»

ኦርቪል አፈረ። ንዴቱ ግን አልበረደም።

«ና እስቲ ሳጅን፣ ፈርምልኝ» ሲል ሌስተር ሆብ ከወዲያ ጠረጴዛ ጠራው። እሱና ኦርቪል አብረው የዘመቱ ናቸው። «እኔም ለራስ ምታቴ አመልክቻለሁ።»

ሌስተር ስለ ሕመሙ ጽፎ ኦርቪል በምስክርነት የሚፈርምበት ወረቀት ነው። እዚህ ክበብ እንዲህ ያለ ወረቀት ሳይነበብ ይፈረማል። አብሮህ የዘመተን ሰው ቃል ቁጭ ብሎ ማንበብ እሱን መጠርጠር ነው።

ኦርቪል ዛሬ ማንንም አያምንም። አነበበ።

«አምና በነጻነት በዓል፣ ከጠዋት ጀምሮ ርችት ሲተኮስ፣ ፊቴን በፎጣ ሸፍኜ ባዶ የመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ዋልኩ። የቧንቧው ጠብታ መዶሻ ሆነብኝ።»

ቀና አለ። ግድግዳው ላይ የአምናው በዓል ሰልፍ ፎቶ ተሰቅሏል። ከፊት ባንዲራ ይዞ የሚስቀው ሌስተር ነው።

«ሌስተር፣ አምና በበዓሉ የት ዋልክ?»

«ሰልፍ ላይ ነዋ። ምነ...» ቀሪውን ዋጠው።

«ገንዳው የኔ ነው። መዶሻውም የኔ።»

ሌስተር ደብተሩን ከጃኬቱ ውስጥ አወጣ።

«ማመልከቻዬን ሦስቴ መለሱብኝ፣ ኦርቪል። ‹ሕመምህን በደንብ አልገለጽክም› ይሉኛል። ሲያመኝ ብዕር መያዝ እንኳ አልችልም። ያንተን ሳነብ የኔው ነው። ዛሬውኑ ልመልሰው ነበር።»

«ዱዌይን የሰደበኝ ቀን ከሁሉም በላይ ጮክ ብለህ የሳቅኸው አንተ ነህ።»

«ያኔም ያመኝ ነበር። እንዳይታወቅብኝ ነው የሳቅሁት።»

ኦርቪል ደብተሩን ብብቱ ሥር ከተተ። ሳይፈርም ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠ።

«ታዲያ የራሴን እውነተኛውን ብጽፍ ትፈርምልኛለህ?» አለው ሌስተር።

ኦርቪል ኮቱን ከመስቀያው አንስቶ ወጣ።