ሰማያዊው ብናኝ

«ጀልባዋ ዛሬ አትታይም፣ እትዬ» አለ ዘበኛው በሩን ገርበብ አድርጎ። «ሰው ሞቶባታል። ገዢዋ እርስዎ መሆንዎን አውቄያለሁ፤ ግን ሌላ ቀን ይምጡ።»

አጭሯ ሴትዮ ትልቅ ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች። ገዢ አይደለሁም አላለችም። ጀልባዋ ለሽያጭ መቅረቧን ከማን እንደሰማ ብቻ ጠየቀችው። ዘበኛው ወሬ ሲያገኝ የማይሰስት ሰው ነውና ዘረገፈላት፤ የሟች ታናሽ ወንድም ዛሬ አንዲት ሴት ጀልባዋን ልታይ እንደምትመጣ ነግሮት፣ ለታላቅ ወንድሙ ለጋሼ ግን ትንፍሽ እንዳይል አስጠንቅቆት ነበር። ሴትዮዋ የመርማሪነት መታወቂያዋን ያወጣችው ከዚህ በኋላ ነው። ዘበኛው አፉን በመዳፉ ከደነ፤ ምን ያደርጋል፣ ከአፍ የወጣ አይመለስ።

ጀልባዋ በጥገና ግቢው መሃል ወደ ግራ ተጋድማለች። ለእድሳት ከውሃ ከወጣች ወዲህ ግራና ቀኝ በአራት የብረት ድጋፎች ተይዛ ነበር የቆመችው። በግራ በኩል አንዱ ድጋፍ ሲነሳ ጎኗ የጣውላ ክምር ላይ ወደቀ። የጀልባዋ ባለቤት በጎኗና በክምሩ መካከል ነበር። ደረቱ ተጨፍልቆ፣ ቀኝ እጁ ብቻ ወደ ውጭ ተዘርግቶ ቀርቷል። በየማለዳው ከሥሯ ገብቶ የተፋቀውን እንጨት በመዳፉ መዳበስ ልማዱ ነበር። ሠራተኞቹ፣ ሚስቱን እንኳ እንዲህ ዳብሷት አያውቅም እያሉ ይስቁበት ነበር። ዛሬ የሚስቅ የለም።

ጥፋተኛው ለመገኘት አልዘገየም፤ በሁለት ፖሊሶች መካከል የተቀመጠው ቀለም ቀቢ ነው። ሰዉ «ዝናቡ» ይለዋል። በጀልባ ሆድ ላይ የሚቀባው ቀለም የውሃ አረም እንዳይለጠፍ መርዝ አለበት፤ ደርቆ ሲፋቅ ብናኙ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል። ስለዚህ ዝናቡ ውሃ ሳያርከፈክፍ መፋቂያ አያነሳም። አሮጌውን ሰማያዊ ቀለም እንዲሁ እያረጠበ ከላይ እስከ ታች አንስቶ፣ የቀሩት የድጋፎቹ ራስ የሸፈናቸው አራት ቦታዎች ብቻ ነበሩ። እነሱን ለመፋቅ መጀመሪያ ጎናቸው ሌላ ድጋፍ ይቆማል፤ ከዚያ ነው የፊተኛው የሚነሳው። ፖሊሶቹ ዝናቡ ሰንፎ፣ ምትክ ሳያቆም ድጋፉን አንስቶ፣ ቦታውን ፍቆ ሄዷል፣ ጀልባዋም ጠዋት ሚዛኗን ስታ ወድቃለች ብለው ደመደሙ። እውነትም የወደቀው ድጋፍ የነበረበት ቦታ ተፍቆ እንጨቱ ነጭ ሆኗል። ይህ ከጸና ዝናቡ በሰው ነፍስ ወህኒ መውረዱ ነው፤ ቤት ያሉት ሁለት ሴት ልጆቹ ደግሞ ከእሱ በቀር ማንም የላቸውም።

«አራቱንም ሳልነካ ነው ትናንት የሄድኩት» አላት ዝናቡ መርማሪዋን።

«ታዲያ ማን ፋቀው?»

«እኔ እንጃ። ሰይጣን ሙያ ተምሮ እንደሆን።»

የሟች ሚስት ዕቃ ቤቱ ውስጥ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ ደረቅ ነው። ሰፈሩ ይህን አይቶ ከፖሊስ ቀድሞ ፈርዶባታል፤ ከቀለም ቀቢው ጋር ሳታሴር አልቀረችም እስከ ማለት ደርሷል። መርማሪዋ ስለ ሽያጩ ስትጠይቃት፣ ባሏ ጀልባዋን ጨርሶ እንደማይሸጥ ተናገረች።

«ወንድሙ እንሽጣት ሲለው መልስ አይሰጥም» አለች። «መፋቂያውን ያነሳል።»

ታናሽ ወንድም ግን የሰፈሩ ኩራት ሆኖ ዋለ። የግቢው በር ላይ ሁለት ሴቶች ደግፈውታል፤ ዓይኑ ቀልቶ አብጧል። ወንድም ማለት እንዲህ ነው፣ ደም ያለቅሳል ተባለለት። መርማሪዋ ሬሳው ዘንድ ደርሶ እንደሆነ ጠየቀችው።

«ጋሼን እንደዚያ ሆኖ ማየት አልቻልኩም። ከዚህ በር አላለፍኩም» አለና አፍንጫውን ተናፍጦ መሐረቡን ቶሎ አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

መርማሪዋ ወደ ሬሳው ተመልሳ ቀሚሷ እንዳይቆሽሽ ፌስታል አነጠፈች፤ ተንበርክካ የሟችን እጅ ለረጅም ጊዜ አየች። የደረቀውን ደም በጥፍሯ ጫፍ ፈለፈለች። ከዚያ የዝናቡን ባልዲና ከተፋቀው ቀለም የተጋገረውን ጭቃ ተመለከተች፤ ሁሉም ዕቃ ቤቱ እንዲሰበሰብ አዘዘች።

«የፋቀው የጣለው ነው ተብሏል» ብላ ጀመረች። «የሟችን እጅ አይቻለሁ። ጣቶቹ ላይ ሰማያዊ ብናኝ አለ። ብናኙ ከደሙ በላይ ነው፤ ደሙን ስፈለፍለው ከሥሩ ያለው ቆዳ ንጹሕ ነው። እንግዲህ ቦታው የተፋቀው ጀልባዋ ከወደቀች፣ ሰውየው ደሙ ከፈሰሰ በኋላ ነው። በወደቀ ጀልባ ላይ፣ በሬሳ አናት ቆሞ ሥራ የሚጨርስ ቀለም ቀቢ አለ?»

ፖሊሶቹ ወደ ዝናቡ ዞሩ፤ መርማሪዋ ቀጠለች።

«ያንን ያደረገ ሰው ሥራ አልነበረም ዓላማው። ጥፋቱ የዝናቡ እንዲመስል ነው። የአፋፋቁን ወግ ግን አላወቀም፤ በደረቁ ፋቀው። ዝናቡ የፋቀው ጭቃ ሆኖ ይወርዳል እንጂ አይበንም። በዚህ ግቢ ያለው ደረቅ ብናኝ የሟች እጅ ላይ ያለው ብቻ ነው። በደረቁ የፋቀ ሰው ደግሞ ፊቱን ቢታጠብም ዓይኑ ይቀላል፤ አፍንጫው ውስጥ የገባውም ቶሎ አይወጣም።» ወደ ታናሽ ወንድም ዞረች። «መሐረብዎን ያውጡልኝ።»

አላወጣም። ፖሊሱ ከኪሱ መዞ ዘረጋው፤ መሃሉ ሰማያዊ ነው።

«ነፋስ ይሆናል» አለ ወንድም።

«ነፋሱ እርስዎን ብቻ መርጦ?» አለች። «በውሃው በኩል አጥር የለም። በዚያ ገቡ፤ ወንድምዎ ከሥሯ መግባቱን ጠብቀው ድጋፉን አነሱ። ዛሬ ገዢ ትመጣለች፤ እሱ በሕይወት ካለ ግን ሽያጭ የለም።»



«የአባታችን ናት ይለኛል» አለ ሰውየው። «አባታችን የእኔም አባት ነበር።»

ሲወስዱት ደግፈውት የነበሩት ሴቶች መንገድ ለቀቁ፤ አንዷ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ዕቃ ቤቱ ውስጥ የሟች ሚስትና ዝናቡ ቀሩ። እንባዋ አሁን መጣ፤ ድምፅ ግን አልነበረውም።

«ጠዋት እኔም አንተ ነህ የገደልከው ብዬ ነበር» አለችው። «ይቅር በለኝ።»

ዝናቡ በበሩ በኩል ወደ ሰዉ ተመለከተ።

«እኔስ ይቅር ብያለሁ» አለ። «ሰፈሩ ግን ገና ጠዋት የፈረደው ላይ ነው።»