እስከ ቀትር ጠብቀኝ

የጫማ ሠሪውን የሩሪን ልብ የሰረቀችው ሴት ወደ ሱቁ የመጣችው በጫማ ሰበብ ነው። ኢሽቤል ትባላለች፤ የመንደሩ አስተማሪ ናት። የተራራ ጫማዋን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና፣ «የስኮትላንድን ደጋ ከምዕራቡ ባሕር እስከ ምሥራቁ ላቋርጥ ነው። አሥራ አራት ቀን የሚችል ሶል ግጠምልኝ» አለችው።

«ከማን ጋር ነው የምትሄጂው?»

«ከጫማዬ ጋር።»

ጫማው ተሠርቶ በሦስት ቀን አለቀ፤ ሰበቡ ግን አላለቀም። በየቅዳሜው ካርታዋን ይዛ ትመጣለች፣ እሱም ሻይ ያፈላል። ሸክም ይቀንሳል ብላ የጥርስ ብሩሿን እጀታ ሳይቀር ቆርጣ ጥላለች። አጃዋን በሚዛን ከፋፍላ በመንገዷ ላይ ላሉት ማደሪያ ቤቶች በራሷ ስም በፖስታ ልካለች። እያንዳንዱ ወንዝ ቢሞላ የምትዞርበትን በቀይ እርሳስ አስምራለች። ወይ ጭንቅላት! ሩሪ ተራራ ላይ የጠፋ ሰው ከሚፈልጉት በጎ ፈቃደኞች አንዱ ነው፤ በስምንት ዓመት እንዲህ ያለ መንገደኛ አላየም። እሷን እያየ ሻዩ ይቀዘቅዝበታል።

ግን ፍቅር መቼ አርፎ ይቀመጣል? ተደብቆ ለሦስት ማደሪያ ቤቶች ደወለና፣ «ዓይናችሁን ከእሷ ላይ እንዳትነቅሉ» ብሎ አደራ አለ። አንዷ ባለቤት ሆዷ ወሬ አያሳድርም ኖሮ፣ ኢሽቤል እሽጓ መድረሱን ልትጠይቅ ስትደውል አፍረጠረጠችው።

ኢሽቤል የሱቁን በር በርግዳ ገባች።

«ሞግዚት ቅጠርልኝ አልኩህ?»

«ሰው ሞቶ አይቻለሁ እኮ! በእነዚህ እጆቼ ነው ተሸክሜ ያወረድኩት።»

«አውቃለሁ። እኔን ግን በቁሜ አትሸከመኝ። አባቴም ወንድሞቼም ‹ብቻሽን አትችይም› እያሉኝ ነው ያደግኩት። አንተም ከእነሱ ከሆንክ ንገረኝና ልሂድ።»

ሩሪ አፈረ።

«ትችያለሽ» አለ በመጨረሻ። «ፈሪው እኔ ነኝ።»

ትኩር ብላ አየችውና የመንገድ ወረቀቷን አወጣች። በዚያ አገር ብቻውን ተራራ የሚወጣ ሰው የሚያልፍበትን ጽፎ ለሚያምነው ሰው ይተዋል። ግርጌው ላይ «የሚጠብቀኝ ሰው» የሚለው መስመር ባዶ ነበር።

«ፈርም። በየማታው እደውላለሁ። ካልደወልኩ እስከ ማግስቱ ቀትር ጠብቀኝ። ከቀትር በፊት እግርህን እንዳታነሳ፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ እንዳትዘገይ።»

ብዕር አንስቶ ፈረመ።

መንገድ ጀመረችና ስምንት ማታ በተከታታይ ደወለች። በዘጠነኛው ቀን ዝናቡ ሲወርድ ዋለ፤ ስልኩም ዝም አለ። በማግስቱ ሩሪ ጎህ ሲቀድ ጫማውን አስሮ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

«ምን ትጠብቃለህ? እንውጣ እንጂ!» አለው የፈላጊ ቡድኑ ጓደኛው።

«ቀትር አልሆነም። ቃሌን ሰጥቻለሁ» አለ ሰዓቱን እያየ።

ለስድስት ሰዓት ስምንት ደቂቃ ሲቀረው ስልኩ ጮኸ።

«ወንዙ ሞልቶ በቀዩ መስመር ዞርኩ» አለች እያለከለከች። «ሸለቆው ውስጥ ስልክ አይሠራም። ልትፈልገኝ ወጣህ እንዴ?»

«አልወጣሁም።»

«እውነቱን!»

«ጫማዬን አስሬ ቁጭ ብያለሁ።»

ስትስቅ ሰማት፤ ቀጥሎ ስታለቅስ።

«ከአራት ቀን በኋላ ምሥራቁ ባሕር ዳር ና» አለችው።

ቀኑ ደርሶ ሄደ። ኮረብታው ላይ ብቅ ስትል አያት፤ ከስታለች፣ ፊቷ በፀሐይ ቀልቷል፣ እርምጃዋ ግን አልላላም። እንዴት ታምራለች! ሮጦ ሊያቅፋት እግሩ ተነሳ። መለሰው። ራሷ እስክትመጣ ቆሞ ጠበቃት።

አጠገቡ ስትደርስ ባሕሩ ገና ሃምሳ እርምጃ ይቀር ነበር። እጁን ያዘች።

«አሁን እግርህን አንሳ» አለችው።

አብረው ወረዱ።