የቀርከሃው የልብ ምት

የፕሮጀክቱ ቴክኒሻን ምንይችል የሞተው የውሸት ቁስለኛ ሆኖ በተኛበት ነው። ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ፣ መሬት ተንሸራቶ ሰው የቀበረ አስመስለው ልምምድ ያሳዩ ነበር። አሥራ ሁለት ሰው ጭቃ ተቀብቶ፣ እያንዳንዱ ለብቻው በቆርቆሮ ተሸፍኖ ተጋድሟል። በየእጃቸው የልብ ምትን ያለ ሽቦ ወደ ኮምፒውተር የሚልክ አምባር ታስሯል። መሣሪያውን እንዲያዩ የተጋበዙት እንግዶች ደግሞ ድንኳን ውስጥ የታሸገ ውሃ እየጠጡ፣ ስክሪን ላይ ለበሩት አረንጓዴ መብራቶች ያጨበጭባሉ። ወይ ጉድ!

ኢንስፔክተር ሙሉነሽ ስትደርስ የሟቹ ጭንቅላት በድንጋይ ተፈንክቷል፤ ነርሷ ማናለብሽም ካቴና ገብቶላታል።

«ፈጣኖች ናችሁ» አለች ሙሉነሽ። «ማነው የፈረደባት?»

«መሣሪያው!» አለ የፕሮጀክቱ ኃላፊ ዶክተር አዝመራው፣ ከረባቱን እያስተካከለ። «አንዱ አምባር ለሌላው እያቀበለ ምቱን እዚህ ያደርሰዋል። የምንይችል ልብ ሲመታ እንግዶቹ አይተዋል። እሷ ልትመረምር ገባች፣ ጮኸች፣ መብራቱ ቀላ። ሳይንስ አይዋሽም፣ ኢንስፔክተር።»

ሙሉነሽ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ሰው ሞቶበት ከረባት የሚያስተካክል ሰው አይጥማትም።

«ስነካው በርዶ ነበር» አለች ማናለብሽ እያለቀሰች። «ደሙም ደርቋል። ሥራዬ አይደል እንዴ? ብታሰር ልጆቼን ማን ያሳድግልኛል?»

«ስትጮሂ የማንን ስም ጠራሽ?»

«የማንንም። ምላሴ ተሳሰረ።»

ሟቹን በቆርቆሮ የሸፈነው የልምምዱ አስተባባሪ ሽመክት ነው። ላብ አጥምቆታል።

«ስሸፍነው ደህና ነበር፤ እንዲያውም ‹ፊቴን ልቀቅልኝ› ብሎ ተቆጥቶኛል። ከዚያ በኋላ ከእንግዶቹ ጎን አልተለየሁም፤ ጠይቂያቸው። ዶክተሩ ግን አምባሮቹን ልፈትሽ ብለው ዞረው ተመልሰዋል።»

«ከድንኳኑ ሆኖ የተኙት ሰዎች ይታያሉ?»

«ኧረ አይታዩም፣ ጉብታው ይከልላል። ጩኸቷን ስንሰማ ግራ ተጋባን። ዶክተሩ ኮምፒውተሩ ላይ ነበሩ፤ ወዲያው ‹ምንይችል ነው!› አሉ። ስናይ የሱ መብራት ቀልቷል።»

ሙሉነሽ ወደ ሜዳው ወረደች። ከቁስለኞቹ አንዱ ገበሬው ጋሽ ውቤ፣ ፈረሳቸው አጠገብ ተቀምጠው የጢማቸውን ጭቃ ያራግፋሉ።

«ጋሽ ውቤ፣ አምባሩን የት አደረጉት?»

«አሳከከኝ፣ ልጄ። ገና ስተኛ ፈትቼ እዚያ አጥሩ ላይ አሰርሁት።»

ዞር ብላ አየች። አምባሩ ከቀርከሃው አጥር ላይ ጥፍር ብሎ ታስሯል። ሙሉነሽ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

ሁሉንም ድንኳኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሽመክት፣ ጋሽ ውቤ ስክሪኑ ላይ እንዴት ነበሩ?»

«ሰባ ሁለት ይመቱ ነበር። እንግዶቹ ‹እንደ ወጣት ነው› ብለው አድንቀዋል።»

«የተደነቀው አጥር ነው። ቀርከሃ ልቡ መምታት ከጀመረ እኛም ቤታችን እንግባ!» እንግዶቹ ተያዩ። «ስክሪኑ የማንንም ልብ አይሰማም፤ ቀድሞ የተሞላ ትርኢት ነው። እንግዲህ መብራቱ በራሱ አልቀላም፣ በሰው እጅ ነው የቀላው። ማናለብሽ የማንንም ስም አልጠራችም። ከዚህ ሆኖ አይታይም። የተኙት አሥራ ሁለት ናቸው። ታዲያ ጩኸቱ እንደተሰማ ከአሥራ ሁለቱ የምንይችልን ብቻ መርጦ ያቀላው ሰው፣ ማን እንደሞተ በምን አወቀ?»

አዝመራው ከኮምፒውተሩ ራቅ አለ።

«ሲሸፈን ደህና ነበር። ከዚያ በኋላ፣ ከማናለብሽ በፊት የዞርከው አንተ ብቻ ነህ» አለች፤ አንቱታው ቀርቷል። «ምን አደረገህ?»

«ለእንግዶቹ ልናገር አለ!» ጮኸ አዝመራው። «ሊያዋርደኝ! ትንሽ ጊዜ ቢሰጡኝ እኮ መሣሪያው ይሠራ ነበር!»

«አፈር ብላ!» አለች ሙሉነሽ።

ካቴናው ከማናለብሽ እጅ ወልቆ እሱ ላይ ገባ። ያን ጊዜ እንግዶቹም ሽመክትም ማናለብሽን ከበው ይቅርታ በይቅርታ ሆኑ። እሷ ግን የአንዳቸውንም አልሰማችም።

«ለምንይችል እናት ማን ነገራቸው?» አለች።

ማንም አልነገራቸውም ነበር። ከጠዋት ጀምሮ አንድም ሰው አላስታወሳቸውም፤ ሙሉነሽ ራሷም አንገቷን ደፋች። ማናለብሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና እናቱ ወዳሉበት ወደ ግምጃ ቤት ከተማ የሚሄድ መኪና ፍለጋ ወጣች።